የሳንባ ካንሰርና የሳንባ ንቅለ ተከላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠዋት ከአንድ ሰው ደረት የካንሰር ዕጢ የሚያወጣ፣ ሌሊት ተጠርቶ ለሌላ ሰው አዲስ ሳንባ የሚተክል፣ በመሃል ያገኛትን ሰዓት ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ የሚያሳልፍ ሐኪም አለ። ምርምሩ ሁለት ርዕስ አለው፤ የሳንባ ካንሰር ሕክምናና የንቅለ ተከላ ኢሚዩኖሎጂ፣ ማለትም ሰውነት ለተተከለ አካል የሚሰጠው ምላሽ። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሁለቱን ምን አገናኛቸው?" ብሎ ነው። የተቀሩት ጥያቄዎችም ከዚያ ይመዘዛሉ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀዶ ሐኪም ላብራቶሪ ውስጥ ምን ይሠራል? ኦፕራሲዮኑ አይበቃውም?

ሌላው ተመራማሪ በቀላሉ የማያገኘው ነገር በእጁ ስላለ ነው። አሁን ከሰው አካል የወጣ ሳንባ። ከዕጢው አንድ ቁራጭ፣ ራቅ ካለው ጤነኛ ክፍል ሌላ ቁራጭ፣ ከሊምፍ እጢዎቹም ጥቂት። ታካሚው አስቀድሞ ፈቅዶ ከፈረመና የፓቶሎጂ ባለሙያው ለምርመራ የሚፈልገውን ከወሰደ፣ የተረፈው በቀዝቃዛ ፈሳሽ ተነክሮ ወደ ላብራቶሪ ይሮጣል። መሮጡ የምር ነው። ሴሎቹ ሳይሞቱ መድረስ አለባቸው።

ጥያቄውም ቢሆን የሚመጣው ከአልጋው አጠገብ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ካንሰር ነበራቸው፤ አንድ ዓይነት ኦፕራሲዮን ተደረገላቸው። አንደኛው ዳነ፤ ሁለተኛው ላይ ተመልሶ መጣ። ለምን? ይህ ጥያቄ ሐኪሙን ቤቱ ድረስ ይከተለዋል።

እሺ፣ ካንሰርና ንቅለ ተከላ ምን አገናኛቸው?

የሰውነት መከላከያ። የሁለቱም ጣጣ የሚነሳው ከዚያ ነው።

የመከላከያ ሴሎች ሥራ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ የራስን መተው፣ ባዕዱን ማጥቃት። ካንሰር ግን ባዕድ አይደለም፤ ከራስ ሴል የወጣ ብልሹ ነው። ስለዚህ ዘበኞቹ አንዳንዴ አይተውት ያልፋሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ሊያጠቁት ሲነሱ እሱ ራሱ ያስቆማቸዋል። የተተከለው ሳንባ በተቃራኒው ሕይወት አድን ሆኖ ሳለ ባዕድ ነው። እሱን አይምሩትም። እናም ያው ሐኪም ለአንዱ ታካሚ "ምነው በተነሱ!" ይላል፤ ለሌላው "ምነው በተኙ!"

ነገሩን ጥርት አድርጎ የሚያሳየኝ የ2011 አጋጣሚ ነው። ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ላይ ሲቲኤልኤ-4 የሚባል ፍሬን አለ። በዚያ ዓመት ማርች አሜሪካ ውስጥ ኢፒሊሙማብ የተባለ መድኃኒት ለሜላኖማ፣ ማለትም ለአንድ ክፉ የቆዳ ካንሰር፣ ተፈቀደ። ሥራው ይህን ፍሬን ማስለቀቅ ነው። በጁን ደግሞ ቤላታሴፕት የተባለው ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ተፈቀደ። እሱ የተሠራው ከራሱ ከሲቲኤልኤ-4 ቁራጭ ነው፤ ቲ ሴሉ "ተነስ" የሚለውን ሁለተኛ ምልክት እንዳያገኝ ይከለክላል። በ3 ወር ልዩነት ያንኑ ገመድ አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ጎተተው።

ሰውነት ሳንባው የሌላ ሰው መሆኑን በምን ያውቃል?

በመታወቂያው። በሴሎቻችን ገጽ ላይ ኤችኤልኤ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። መሥሪያቸው ትእዛዝ 6ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ከሰው ሰው በጣም ይለያያሉ። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ልጆች እንኳ በእነዚህ ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከ4 አንድ ገደማ ነው።

ጉዳዩ የበሽታ መከላከያ ሥራ መሆኑ የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ሜዳዋር በቃጠሎ ለተጎዱ ሰዎች ከሌላ ሰው ተወስዶ የሚለጠፈው ቆዳ ለምን እንደሚወድቅ ያጠና ነበር። አንድ ነገር አስተዋለ። ከዚያው ለጋሽ ለሁለተኛ ጊዜ የተለጠፈው ቆዳ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይወድቃል። ሰውነት ያስታውሳል ማለት ነው። ማስታወስ ደግሞ የመከላከያ ሴሎች ጠባይ ነው። በ1960 ከማክፋርሌን በርኔት ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ይህ ትዝታ ዛሬም ጣጣ አለው። ብዙ ጊዜ ደም የተሰጠው ሰው፣ ወይም ደጋግማ ያረገዘች ሴት፣ የሌላ ሰውን መታወቂያ ቀድመው ስላዩ ፀረ እንግዳ አካል ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ለእነሱ የሚስማማ ለጋሽ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ከንቅለ ተከላ በፊት የተቀባዩን ደም ከለጋሹ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ሳንባ ከኩላሊት ለምን ይከብዳል?

ኩላሊት ከውጭው ዓለም ተሸሽጎ ይኖራል። ሳንባ በር ላይ ነው የተቀመጠው። በቀን 10 ሺህ ሊትር ገደማ አየር ይገባበታል፤ ከአየሩም ጋር አቧራው፣ ጭሱ፣ ቫይረሱ። እያንዳንዱ ጉንፋን ዘበኞቹን ይቀሰቅሳል። የተቀሰቀሰ ዘበኛ ደግሞ ዙሪያውን ሲቃኝ ባዕዱን ሳንባ ያየዋል።

ችግሩ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ይጀምራል። ሳንባው ከለጋሹ ወጥቶ በበረዶ ቀዝቅዞ ሰዓታት ቆይቷል። ግራጫ ነው፤ ሕይወት ያለው አይመስልም። ቀዶ ሐኪሙ የደም ሥሮቹንና የአየር ቧንቧውን ሰፍቶ ከጨረሰ በኋላ መቆንጠጫውን ቀስ ብሎ ይለቃል። ደሙ ይገባል። ሳንባው ከሥሩ ጀምሮ ሮዝ እየሆነ ይመጣል፤ አየር ሲሞላ ይነፋል። ለማየት ደስ ይላል፤ ግን በዚያችው ቅጽበት ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ ሴሎች በገፍ ይገባሉ። ከበዙ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል፤ ኦክስጅን ማሳለፍ ያቅተዋል። በአይጥ ላይ የተሠራ ምርምር ያሳየው አስገራሚ ነገር፣ ኒውትሮፊሎቹን የሚጠሯቸው ከለጋሹ ሳንባ ጋር አብረው የመጡ ሴሎች መሆናቸው ነው። ሞኖሳይት ይባላሉ። ሳንባው ጠሪውን ይዞ ይመጣል።

ሌላው ችግር በዝግታ የሚመጣው ነው። ከዓመታት በኋላ ጥቃቅኖቹ የአየር መተላለፊያዎች በጠባሳ ይጠባሉ። ታካሚው የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ በሕመም ሳይሆን በቁጥር ነው። በየጊዜው ወደ ማሽን በኃይል ይተነፍሳል፤ በመጀመሪያዋ ሰከንድ ያወጣው አየር ይለካል። ያ ቁጥር ቀድሞ ከነበረው በ20 በመቶና ከዚያ በላይ ወርዶ ከቀረ፣ ሐኪሞቹ ፊታቸው ይለወጣል። ሳንባ ከተተከለላቸው አዋቂዎች ግማሹ ከ6 እስከ 7 ዓመት ገደማ በላይ የማይኖሩት በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ከኩላሊት ጋር ሲተያይ ያሳዝናል።

አይጥ ላይ ሳንባ ይተከላል እንዴ?

ይተከላል። የአይጧ ክብደት 25 ግራም ገደማ ነው። የደም ሥሯ በዓይን በቅጡ ስለማይታይ በማይክሮስኮፕ ሥር ነው የሚሠራው። መስፋት ስለማይመች፣ ለሰው ክንድ ከሚገባው የፕላስቲክ ቱቦ የተቆረጡ ጥቃቅን ቀለበቶች በደም ወሳጁ፣ በደም መላሹና በአየር ቧንቧው ላይ ይገባሉ፤ ከዚያ ይታሰራሉ። ዘዴው በ2007 ከታተመ ወዲህ ብዙ በር ከፍቷል።

ከተገኙት ውስጥ እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው። የልብ ንቅለ ተከላን የሚያበላሹ፣ ትዝታ ያላቸው አንድ ዓይነት ቲ ሴሎች አሉ። ጠላት ተብለው ተመድበው ነበር። በአይጥ ሳንባ ላይ ግን ያለ እነሱ ሰላም አልመጣም። ሰላሙም የሚሠራው እዚያው ሳንባው ውስጥ በሚበቅሉ የመከላከያ ሴሎች ጎጆዎች ነው። ስለዚህ ለኩላሊት የሠራውን መድኃኒት ገልብጦ ለሳንባ መስጠት ሁልጊዜ ላያዋጣ ይችላል። በአይጥ የሠራ ሁሉ በሰው ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ኢሚዩኖሎጂ በዚህ ብዙ ጊዜ ተታሏል።

ሳንባ ካንሰር ለያዘው ሰው ለምን ሳንባው አይቀየርለትም?

በጣም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። የሚገርመው፣ ታሪኩ የጀመረውም እንዲሁ ነው። በሰው ላይ የመጀመሪያው የሳንባ ንቅለ ተከላ የተደረገው ጁን 11፣ 1963 በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ነበር፤ ሐኪሙ ጄምስ ሃርዲ። ታካሚው በግራ ሳንባው ካንሰር ነበረበት። 18 ቀን ኖረ፤ የገደለው የኩላሊት መድከም ነው። ከዚያ በኋላ ለ20 ዓመት የተሞከሩት ሁሉ ማለት ይቻላል ከሸፉ። አንዱ ቀንደኛ ምክንያት የአየር ቧንቧው ስፌት ነበር። አይድንም፤ ይፈታል። በ1983 ቶሮንቶ ላይ ጆኤል ኩፐርና ባልደረቦቹ ስፌቱን ከሆድ ዕቃ በተሳበ ሞራ ጠቀለሉት። መከላከያውን የሚያስተኛው ሳይክሎስፖሪን የተባለ አዲስ መድኃኒትም፣ ስፌቱ እንዳይድን የሚያደርገውን ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ለመቀነስ ረዳ። ታካሚው ከ6 ዓመት በላይ ኖረ።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሳንባ ካንሰር ብዙ ጊዜ ሲታወቅ ከሳንባ ወጥቶ ሄዷል። ወደ አንጎል ወይም አጥንት የደረሰውን ሳንባ መቀየር አያቆመውም። ሁለተኛው ይብሳል። አዲሱ ሳንባ እንዲቆይ መከላከያውን ማስተኛት ያስፈልጋል። የተረፈች አንዲት የካንሰር ሴል ካለች ደግሞ ዘበኛ የሌለበት ቤት አገኘች ማለት ነው። ከድጡ ወደ ማጡ! በ1990ዎቹ በሳንባ ውስጥ ብቻ በሚሰራጭ አንድ የካንሰር ዓይነት ተሞክሮ፣ ካንሰሩ በአንዳንዶቹ አዲሱ ሳንባ ላይ ተመልሶ በቀለ። በጂን ምርመራ ሲታይ የለጋሹ ሳይሆን የተቀባዩ ነበር።

ቢሆንም በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ከ2021 ጀምሮ ቺካጎ በሚገኘው ኖርዝዌስተርን፣ ካንሰራቸው ከሳንባ ላልወጣ፣ ሌላ ሕክምና ላልያዘላቸው ጥቂት ታካሚዎች ሁለቱም ሳንባ ተቀይሮላቸዋል። አንዱን አውጥቶ አንዱን መተካት ቀርቶ፣ ሁለቱም ታማሚ ሳንባዎች ይወጣሉ፤ ደረቱ ይታጠባል፤ አዲሶቹ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ደሙን ማሽን ያዘዋውረዋል። ገና በጥናት ላይ ያለ ነገር ነው። ለአብዛኛው የሳንባ ካንሰር ታካሚ መልሱ ዛሬም "አይሆንም" ነው።

ካንሰሩን ለማውጣት ሙሉ ሳንባ ይወጣል?

ድሮ አዎ። በ1933 ሴንት ሉዊስ ውስጥ ኤቫርትስ ግራሃም የተባለ ቀዶ ሐኪም፣ ራሱም ሐኪም የሆነ የአንድ ታካሚን ሙሉ የግራ ሳንባ በአንድ ኦፕራሲዮን አወጣ። ሰውየው ዳነ። ግራሃም በ1950 ከተማሪው ኧርንስት ዋይንደር ጋር ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር ጋር የሚያያይዝ ጥናት አሳተመ። እሱ ራሱ ለብዙ ዓመታት አጫሽ ነበር። በ1957 በሳንባ ካንሰር ሞተ፤ ታካሚው ግን ከእሱ በኋላ ኖረ።

አሁን አካሄዱ ትንሽ መቁረጥ ነው። ሳንባ 5 ክፍል አለው፤ ቀኙ 3፣ ግራው 2። ለረጅም ጊዜ ደንቡ ዕጢው ያለበትን አንድ ክፍል ማውጣት ነበር። በ2022 የታተመ የጃፓን ትልቅ ጥናት፣ ዕጢው እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከዚያም ያነሰ ቁራጭ ማውጣት እንደሚበቃ አሳየ። ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ትንሽ ከተቆረጠላቸው 94.3 በመቶ፣ ሙሉ ክፍሉ ከወጣላቸው 91.1 በመቶ ናቸው። የተረፈ ሳንባ ነገ ሌላ በሽታ ሲመጣ ስንቅ ነው።

ኢሚዩኖቴራፒን ከኦፕራሲዮን በፊት መስጠት ለምን አስፈለገ?

መጀመሪያ መድኃኒቱ። ኢሚዩኖቴራፒ መከላከያውን አንቅቶ ካንሰሩን እንዲያጠቃ ማድረግ ነው። ካንሰሩ ፒዲ-1 የሚባለውን ሌላ የቲ ሴል ፍሬን እየረገጠ ነው የሚያመልጠው። ኒቮሉማብና ፔምብሮሊዙማብ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ያነሱታል። የዚህ ሐሳብ ባለቤቶች ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 ኖቤል ተሸልመዋል።

ድሮ ልማዱ ዕጢውን አውጥቶ ከዚያ መድኃኒት መስጠት ነበር። ግን እስቲ አስቡት። ቲ ሴሎቹ ጠላታቸውን የሚማሩት ከማን ነው? ከራሱ ከዕጢው ነው፤ አጠገቡ ባሉት የሊምፍ እጢዎች ውስጥ። ቀድመን ካወጣነው መማሪያቸውን ወሰድንባቸው። ዕጢው እያለ ፍሬኑ ከተለቀቀ ግን ተምረው በመላ ሰውነት ይዞራሉ፤ ተደብቀው የቀሩትን የካንሰር ሴሎች አሳደው ያጠፋሉ።

በ2022 የታተመው ጥናት ይህን ደገፈው። ከኦፕራሲዮን በፊት ኬሞቴራፒ ብቻ ከወሰዱት ውስጥ ዕጢያቸው ሲመረመር ሕያው የካንሰር ሴል ያልተገኘባቸው 2.2 በመቶ ነበሩ። ኒቮሉማብ ሲጨመርበት 24 በመቶ ሆኑ። ከአሥር እጥፍ በላይ ነው! ለቀዶ ሐኪሙ ግን ዋጋ አለው። መከላከያው የተዋጋበት ቦታ በጠባሳ ይጣበቃል፤ ደም ሥሩን ከሊምፍ እጢው መለየት አንዳንዴ የተጣበቀ ወረቀት እንደ መላጥ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ዋናው የሳንባ ደም ወሳጅ ነው።

አካል የተተከለለት ሰው ካንሰር ቢይዘውስ?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ሁለቱ ምርምሮች ፊት ለፊት የሚጋጩበት።

መያዙ ራሱ አይገርምም። መከላከያው ለዓመታት ተኝቷል፤ በተለይ የቆዳ ካንሰርና ሊምፎማ የሚባለው የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር ይበዛል። አንድ ሳንባ ብቻ የተተከለለት ሰው ደግሞ የቀረው አሮጌ ሳንባው ላይ ካንሰር ሊበቅልበት ይችላል። ሐኪሙ ፍሬኑን ልልቀቅ ካለ፣ የነቁት ሴሎች ካንሰሩን ከተተከለው አካል ለይተው አያዩም። ከየቦታው በተሰበሰቡ መረጃዎች እነዚህን መድኃኒቶች ከወሰዱ የንቅለ ተከላ ታካሚዎች ከ10 ወደ 4 የሚሆኑት አካሉን ሰውነታቸው መግፋት ጀምሯል። ኩላሊት ከሆነ ወደ ዲያሊስስ መመለስ ይቻላል። ሳንባ ከሆነ የሚመለሱበት ማሽን የለም።

አንድ መሃል መንገድ የሚመስል መድኃኒት አለ፤ ሲሮሊመስ። መጀመሪያ የተገኘው ከፓስፊክ ደሴቷ ራፓ ኑይ አፈር ነው። መከላከያውን ያስተኛል፤ የሴሎችን እድገትም ያቀዘቅዛል። የቅርብ ዘመዱ ኤቨሮሊመስ ለአንዳንድ ካንሰር መድኃኒትነት ይሰጣል። ታዲያ ለምን ለሁሉም ከመጀመሪያው አይሰጥም? ስፌት እንዳይድን ያደርጋል። ሳንባ በተተከለ ማግስት ከተጀመረ የአየር ቧንቧው ስፌት ሊፈታ ይችላል፤ ያ ገዳይ ነው። ስለዚህ ቁስሉ በደንብ እስኪድን ይጠበቃል።

አላጨስኩም፤ ሳንባ ካንሰር ሊይዘኝ ይችላል?

ይችላል። ሲጋራ ትልቁ ምክንያት ቢሆንም ብቸኛው አይደለም።

ቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

ለረጅም ዓመት ላጨሱ ሰዎች፣ በዝቅተኛ ጨረር የሚነሳ ሲቲ ስካን አለ። በ2011 የታተመው የአሜሪካ ጥናት በዚህ መንገድ በሳንባ ካንሰር የሚሞቱት ቁጥር በ20 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ተራ የደረት ራጅ ግን ለዚህ አይረዳም።

አንድ ቀን ያለ መድኃኒት ከተተከለ ሳንባ ጋር መኖር ይቻላል?

መልካም ምሳሌ አለን፤ ያውም ጥንታዊ። ዲሴምበር 23፣ 1954 ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ መሪ ከአንድ መንታ ለሌላው ኩላሊት ተከለ። ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ መታወቂያቸው አንድ ነው፤ መድኃኒት አላስፈለገም። መሪም ቀዶ ሐኪምም ተመራማሪም ነበር፤ በ1990 ኖቤል ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ለተመረጡ አንዳንድ የጉበት ተቀባዮች በሐኪም ክትትል መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ማቆም ተችሏል። ከለጋሹ መቅኒ ጭምር የተሰጣቸው ጥቂት የኩላሊት ተቀባዮችም እንዲሁ።

ሳንባ ላይ እዚያ አልተደረሰም። የአይጦቹ ጎጆዎች ተስፋ ሰጥተዋል፤ ክኒን ግን አልተኩም። ማንም በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን ማቆም የለበትም። መከላከያውን የሚያስተኛው ታክሮሊመስ በተለመደው አወሳሰድ ጠዋትና ማታ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት ይዋጣል። የደም ምርመራ ቀን ከሆነ ደግሞ የጠዋቱ የሚዋጠው ደም ከተቀዳ በኋላ ነው። ቀድመው ከዋጡት በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን ያለ ልክ ከፍ ብሎ ይወጣና ሐኪሙን ያሳስታል።